ለመመለስ የሚበቃ ነዳጅ

የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ሻንጣውን ጋሼ ስዩም ጋ ሳያስመዝን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ሚድ ዊልሻየር ያለችው አንድ ክፍል አፓርታማቸው በር ላይ፣ የገናና የፋሲካ ሰሞን በተለይ፣ ሻንጣ የጎተተ ሁሉ ይሰለፋል። እሳቸው የእጅ ሚዛኗን እጀታው ላይ ሰክተው ብድግ ያደርጉትና ቁጥሯን ሳያዩ «ሃያ አምስት ከግማሽ» ይላሉ። ሚዛኗም ሃያ አምስት ከግማሽ ትላለች። ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

«ይሄ ሻምፑ ይውጣ!»

«ጋሼ፣ የእህቴ እኮ ነው!»

«እህትሽ በሳሙና ትታጠብ። የሚፈቀደው ሃያ ሦስት ነው፤ ሃያ ሦስት!»

አንድ ጊዜ ከእኔ ሻንጣ ሦስት ጥንድ ጫማ አውጥተው ወለሉ ላይ ሲደረድሩት ንድድ ብሎኝ ላናግራቸው ሁሉ አልፈለግኩም። ኤርፖርት ስደርስ ሚዛኑ ልክ ሃያ ሦስት አለ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ መሀል መንገድ ላይ ሻንጣዋን ዘርግፋ የልጆቿን ልብስ እላይዋ ላይ ስትደራርብ፣ እኔ ተዝናንቼ አለፍኩ። ጋሼ ስዩም ማለት እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ቁጥር ከነገሩህ ቁጥሩ ያ ነው፤ ብታለቅስም፣ ብትለምንም አይቀየርም።

እኔ እታለም እባላለሁ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ይህን የማወራው ግን ለወሬ አይደለም። ያስዋሸኋቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጋሼ ስዩም ጉልምስናቸውን የጨረሱት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ ነው። አብራሪ አልነበሩም። አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ከሆዱና ከክንፉ ስር የሚሰቀለውን የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ቦምብ ይሰቅላሉ፤ ድሮፕ ታንክም ይሰቅላሉ። ድሮፕ ታንክ ማለት ክንፍ ስር የሚንጠለጠል ትርፍ የነዳጅ መያዣ ነው፤ ሲያልቅ አብራሪው ይጥለውና ቀለል ብሎ ይሄዳል። ሲያስረዱኝ ሁልጊዜ «ቦምቡ ለመሄጃ፣ ታንኩ ለመመለሻ» ይሉኝ ነበር። «እንዳሻሽ ሁለቱንም አትጭኝም። አንዱ ላይ ስትጨምሪ ከሌላው ትቀንሻለሽ።» ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ እዚህ አመጣቻቸው፤ እሷ በሥራ ምክንያት ቴክሳስ ስትገባ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ ቪዛ እየጠበቁ አዲስ አበባ ነበሩ። እሳቸውም ሳይመጡ ሞቱ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ሥራውን ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ቶራንስ ውስጥ አንድ የዘጠና ዓመት ጃፓናዊ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ሚስተር ኖዳ ነው ስማቸው፤ እኔ አባባ ኖዳ እላቸዋለሁ። የጠዋቱ ሺፍት የእኔ ነው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ለከሰዓቱ ሰው ሲያጣ ጋሼን አስገባኋቸው። የሽማግሌው ልጅ ግሌንዴል ናት፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። አባባ ኖዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ግቢ አትክልት ሲከረክሙ የኖሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በኩሽናው መስኮት የነዳጅ ማጣሪያውን፣ የሪፋይነሪውን፣ ጭስ ማውጫ እያዩ ሩዛቸውን ይበላሉ፤ ይበቃቸዋል። ሦስታችንም የምንግባባው በየራሳችን ስብርባሪ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን እንግባባለን።

ምላሴን በቆረጠው! አንድ ቀን ሺፍት ስንቀያየር ለጨዋታ ያህል፣ «ጋሼ ስዩም እኮ አየር ኃይል ነበሩ፤ ቦምብና ታንክ ነበር የሚሰቅሉት» አልኳቸው። አባባ ኖዳ የሚበሉባቸውን ሁለት እንጨቶች ቀስ ብለው አስቀመጡ። ያለ እኔ ክንድ ከወንበር የማይነሱት ሰውዬ ተነሱ። ግድግዳ ይዘው መኝታ ቤት ገቡና የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ።

ቆርቆሮው ውስጥ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ ነበር፤ የአብራሪ ቆብ ያደረገ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ። ታላቅ ወንድማቸው ሺገሩ ነው። በፈረንጆች በ1944፣ አባባ ኖዳ የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከመርከብ ላይ የሚነሳ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበር ነበር፤ ከላይ አፍንጫውን ደፍቶ ተወርውሮ ቦምቡን ጥሎ ቀና የሚለውን ዓይነት። ተልኮ ሄደ፤ አልተመለሰም። ከመሄዱ በፊት ለእናታቸው የጻፈው ደብዳቤ እዚያው አለ። መጨረሻው ላይ ያለችውን መስመር አባባ ኖዳ በጣታቸው እየተከተሉ ተረጎሙልን፦ «ለታናሼ ንገሪው፤ ነዳጅ ከበቃኝ እመለሳለሁ።»

ሌላም አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከዚያ መርከብ የተረፈ አንድ መካኒክ ለእነ አባባ ኖዳ ቤተሰብ የላከው ነው። የዚያን ቀን አውሮፕላኑ ላይ ምን እንደተጫነ፣ ስንት ሊትር እንደተቀዳ፣ ዒላማው ስንት ማይል ይርቅ እንደነበር ተጽፎበታል፤ እሱንም ተረጎሙልን። የሰማንያ ዓመት ወረቀት ነው፤ ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ነው የተቀበሉት።

«ታንክ አልሰቀሉለትም» አሉ አባባ ኖዳ። «አልበቃውም፤ አይደል? አንተ የሙያው ሰው ነህ። ከመሞቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። አልበቃውም፤ አይደል?»

ዓይናቸው ጋሼ ፊት ላይ ተተከለ። እኔ ፈርተው ነው አልኩ። «ምነው፣ በቅቶት ነበር በለኝ» እያሉ የሚለምኑ መሰለኝ። ያን ጊዜ የተናገሩትን ቃል እንደተናገሩት ብሰማው ኖሮ!

ጋሼ ስዩም ሥራዬ ብለው ያዙት። ከቶራንስ ቤተ መጻሕፍት ስለዚያ ዘመን አውሮፕላኖች የተጻፈ መጽሐፍ ተውሰው፣ ሥራ በማይገቡበት ቅዳሜ ከሰዓት ፌርፋክስ ያለው ምግብ ቤት ጥግ ይዘው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው ሲያሰሉ ይውላሉ። የቀረበላቸው ሽሮ ይቀዘቅዛል። አልፌ ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ደግሞ የሞተ ሰው ሻንጣ መመዘን ጀመሩ?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉኝ፤ አልሳቁም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠርተው አስቀመጡኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ስሚ እታለም። መጀመሪያ የነበራቸው ዓይነት በሆዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ፣ በክንፎቹ ስር ስድሳ ስድሳ ኪሎ ነበር የሚሸከመው። የዚህ ልጅ አዲሱ ነው። ፈጣን ነው፤ ሆዱ ውስጥ አምስት መቶ ኪሎ ይገባለታል። በክንፎቹ ስር ደግሞ እያንዳንዳቸው ሦስት መቶ ሠላሳ ሊትር የሚይዙ ታንኮች ይሰቀሉለታል። ግን መርከብ ነው፤ መንደርደሪያው አጭር ነው። ያን ትልቅ ቦምብ ጭነሽ፣ ታንኮቹን ሞልተሽ ሰቅለሽ ልነሳ ብትይ ባሕር ትገቢያለሽ። ሶ፣ የዚያን ቀን ትልቁን ቦምብ ጫኑለትና ታንኮቹን ተዉ።»

«ኦኬ፤ እና?»

«መሄጃው አራት መቶ የባሕር ማይል ነው። ደርሶ መልስ ስምንት መቶ። ሌሎቹ እስኪነሱ ሰማይ ላይ መዞር አለ፤ ከፍታ መውጣት አለ፤ ጠላትን መፈለግ አለ፤ መሸሽ አለ። ይሄ ሁሉ ነዳጅ ይበላል። ስቀንስለት፣ ስቀንስለት፣ ሁሉንም በእሱ በኩል አድርጌ ሳስብለት እንኳ ወደ መርከቡ አንድ መቶ ማይል ሲቀረው ያልቅበታል።» እርሳሱን ጣሉት። «ትንሹን ቦምብ ጭነው ታንኮቹን ቢሰቅሉለት ይመለስ ነበር። ወረቀቱን የጻፈው መካኒክ የጫነው ሰውዬ ራሱ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ የጫነ ሰው ብቻ ነው። ልጁን ሲልከው ያውቅ ነበር።»

አንጀቴን በሉኝ። ግን እኔ ያሰብኩት ለሞተው ልጅ አይደለም፤ ለሽማግሌው ነው። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙ ካስደነገጣችኋቸው ኃላፊነቱ የእናንተ ነው ብሎናል።

«እንዳይነግሯቸው!» አልኳቸው።

«ምን?»

«በቅቶት ነበር ይበሏቸው። መመለሻ ነበረው፣ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ገጥሞት ነው ይበሏቸው። እርስዎ አገር የለዎትም እንዴ? መርዶ እንዲህ ፊት ለፊት ይነገራል? ሰውዬው ወንድሜን ገደሉት ብለው እርር ብለው ይሙቱ?»

ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ምን እንዳስታወሱ አውቃለሁ። እትዬ የሺሃረግ የሞቱ ጊዜ ፌርፋክስ ሁሉ ሰምቶ ለእሳቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ደበቅናቸው። ልጃቸው ከቴክሳስ እስክትመጣ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ቅዳሜ ማለዳ እስኪሆን ብለን ነው። እንደ ወጉ ነው ያደረግነው። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀኖች እሳቸው ለሚስታቸው የሚልኩትን ካፖርት መርጠው፣ መዝነው፣ በሰው ሻንጣ ልከው ነበር። እኔ ነኝ አብሬ የመረጥኩት። አረንጓዴው ያምርባቸዋል ብዬ።

«እኔን ስትደብቁኝ ጠቀማችሁኝ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ቢያንስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ስቀዋል!»

ምን ዓይነት አፍ ነው የፈጠረብኝ? ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። መጽሐፉን ዘጉ። «እሺ፣ ይሁን» አሉ። በሕይወታቸው ሙሉ አንድ ቁጥር ዋሽተው የማያውቁትን ሰው ያሸነፍኳቸው በዚህ ነው።

መርዶ በማለዳ ነውና እኔ ሺፍት ስገባ አብረውኝ መጡ። አባባ ኖዳን አጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሼ፣ ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጋሼ ከፊታቸው ተቀመጡ። ደብተሩን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ።

«አስልቼዋለሁ» አሉ። «በቅቶት ነበር። ያለ ታንክም ቢሆን ይመለስ ነበር።»

አባባ ኖዳ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ምን ያህል ይተርፈው ነበር?» አሉ።

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። ይህን አልተዘጋጁበትም። ግን ቁጥር ሲጠየቁ ቁጥር የሚመልሱ ሰው ናቸው። «አርባ ደቂቃ» አሉ።

«አርባ ደቂቃ።»

ደስ አላቸው ብዬ ልስቅ ነበር እኮ! እግዜር ያሳያችሁ፤ ሻይ ላፈላ ሁሉ ተነሳሁ። ዞር ስል ግን ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ አንሰዋል። እንባቸው ንጹሑ ሸሚዛቸው ላይ ይወርዳል።

«ለአንድ ቀን ፈቃድ ቤት መጥቶ ነበር» አሉ ሪፋይነሪውን እያዩ። «ዓሣ ልናጠምድ ወንዝ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል። ደክሞት ቀኑን ሙሉ ተኛ። ማታ ሲሄድ በር ላይ ቆሜ፣ ሰፈር እስኪሰማ፣ ሁለተኛ እንዳትመለስ አልኩት። ሁለተኛ እንዳትመለስ! ሳቀና እጁን አውለበለበልኝ።»

እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

«ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ነዳጅ ከበቃኝ እመለሳለሁ አለ። ለእኔ ነው፤ ለእኔ መልስ ነው። ሳይመለስ ሲቀር ነዳጁ ነው አልኩ። ታንክ አልሰጡትም፤ የእኔ ቃል አይደለም፣ ነዳጁ ነው። ሰማንያ ዓመት እንደዚህ ብዬ ኖርኩ። ለእናቴም፣ ለሚስቴም፣ ለልጄም ያልኩትን አልነገርኳቸውም። አሁን አንተ አርባ ደቂቃ ነበረው ትለኛለህ።» ጋሼን አዩዋቸው። «መመለስ ይችል ነበር። እንዳትመለስ ስላልኩት ነው።»

ጋሼ ስዩም ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱ። «አይደለም! አይደለም! ዋሽቼዎት ነው!» ደብተሩን ከኪሳቸው መዥርጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ቁጥሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ያሳያሉ። «ይኸው፣ አምስት መቶ ኪሎ፤ ይኸው፣ አራት መቶ ማይል። አይበቃውም! መቶ ማይል ይጎድለዋል! የገደሉት እነሱ ናቸው፤ እርስዎ አይደሉም። እምላለሁ!»

እኔም ወረድኩ፤ እግራቸው ስር ተንበረከክኩ። «እኔ ነኝ ያስዋሸኋቸው፣ አባባ! እኔ ነኝ! በአገራችን መጥፎ ወሬ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ እንዳይጎዱ ብዬ ነው!»

አባባ ኖዳ ደብተሩን አላዩም። ቀስ ብለው ከደኑት። የጋሼን እጅ መታ መታ አደረጉ፤ የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብሉ። «ጥሩ ሰው ነህ» አሉ። «ሳለቅስ ስላየኸኝ ቁጥሩን ቀየርክልኝ። አመሰግናለሁ።»

አለቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያሳምናቸው? ጋሼ በማግስቱ መጽሐፉን ራሱን ይዘው መጡ፤ በሣልስቱም መጡ። ሽማግሌው «ጥሩ ሰው ነህ» ይላሉ እንጂ አያዩም። እውነቱን ልነግር ግሌንዴል ልጃቸው ጋ ደወልኩ፤ «አባቴ ደክሟል፤ እባካችሁ ስለ ጦርነቱ ደግማችሁ እንዳታነሱበት» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ምን ታድርግ? አባባ ኖዳ ሩዛቸውን ተዉ። መስኮቱን ተዉ። አልጋ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቀሩ፤ በአራተኛው ሳምንት ሞቱ። እኔ ነኝ ጠዋት የደረስኩባቸው። ፎቶው ደረታቸው ላይ ነበር፤ በፊቱ ተደፍቶ።

ቀብሩ ላይ ልጅቷ ሁለታችንንም አቅፋ አመሰገነችን። «መጨረሻ ላይ የሚረዳው ሰው አገኘ» አለች። የብስኩቱን ቆርቆሮ ለጋሼ ሰጠቻቸው። ጋሼ አልቀበልም ማለት አቃታቸው። በፍሪዌይ ቴን ወደ ቤት ድራይቭ ሳደርጋቸው ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ፓርክ ሳደርግ ብቻ፣ «ካፖርቱን ማን ለበሰው?» አሉኝ። የእትዬ የሺሃረግን አረንጓዴ ካፖርት ማለታቸው ነው። አላውቅም አልኳቸው። ወረዱ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲደርስ ፌርፋክስ ላይ ወሬው ተናፈሰ፤ ጋሼ ስዩም ሻንጣ መመዘን ተዉ ተባለ። አንዳንዱ ታመው ነው አለ፤ አንዳንዱ ኮርተው ነው አለ። አፌን ያዝኩ። እህቴ ልጇን ልትድር ስለነበር እኔም መሄጃዬ ደረሰ፤ እንደ ልማዴ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። በሩን ከፈቱልኝ፤ ከስተዋል። ሚዛኗ የምትሰቀልበት ሚስማር ባዶውን ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የብስኩት ቆርቆሮው ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሻንጣዬን አዩት። ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው ብድግ አደረጉትና ትንሽ ይዘውት ቆዩ። እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ አድርገው እግሬ ስር አስቀመጡት።

«ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ታምኚኛለሽ?» አሉኝ።

አዎ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። እሳቸውም ጠብቀው ጠብቀው ራሳቸውን ነቀነቁና በሩን ዘጉት፤ እኔም ሻንጣዬን እየጎተትኩ ደረጃውን ወረድኩ።